የመሠረት ድንጋይና የሥራ መዝገብ፤ ሕንዳውያን የግዛት ምክር ቤት ተመራጫቸውን በምን ይመዝናሉ?

የሕንድ ዋና ከተማ ዴልሂ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2008 የምክር ቤት ምርጫ ከማካሄዷ ቀደም ብሎ፣ በከተማዋ አንዳንድ የድሆች መንደሮች በየቤቱ ጋዜጣ በነፃ ታደለ። በጋዜጣው ላይ የወጣው እኛ ሁላችን በልጅነታችን ለወላጆቻችን ለማሳየት የምንፈራው ዓይነት ሪፖርት ካርድ ነበር። ልዩነቱ ባለካርዱ ተማሪ ሳይሆን የአካባቢው ሕዝብ ከአምስት ዓመት በፊት መርጦ ወደ ምክር ቤት የላከው ሰው መሆኑ ነው። በምክር ቤቱ ሥራ ምን ያህል ተሳተፈ? በኮሚቴ ስብሰባዎች ላይ ምን ያህል ተገኘ? ለአካባቢ ልማት የተፈቀደለትን ገንዘብ በምን ላይ አዋለው? ካርዱ እነዚህን ይዘረዝራል። ከዚህ ጋር የተመራጩና የዋነኞቹ ተፎካካሪዎቹ የትምህርት ደረጃ፣ ሀብትና የወንጀል ክስም ተጽፎ ነበር።

ይህ ሥራ ምን ውጤት እንዳስገኘ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ለካርዱ መሠረት ስለሆኑት ሕጎችና ሰነዶች ማስረዳት እፈልጋለሁ። ሕግ ያጠና ሰው እንደመሆኔ በሕንድ ምርጫ ከሁሉ በላይ የሚስበኝ የሰልፉ ብዛትና የፖስተሩ ቀለም አይደለም። አንድ ተራ መራጭ ከፈለገ ተመራጩን በማስረጃ እንዲመዝን የሚያስችሉት መንገዶች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ተመራጭ ሊመዘን የሚገባው ሕግ በእጁ ባስቀመጠለት ሥልጣንና ገንዘብ በሠራው ሥራ ነው። በሌላ ሰው ሥራ ሊመሰገንም ሊወቀስም አይገባም። አባባሉ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን መራጮች በብዛት የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው፤ ተመራጮቹም ከስህተቱ ይጠቀማሉ።

ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ማን ነው?

ሕንድ 28 ግዛቶችና በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የሚተዳደሩ 8 አካባቢዎች አሏት። እያንዳንዱ ግዛት «ቪድሃን ሳብሃ» የሚባል የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አለው። ከማዕከላዊ አካባቢዎቹም መካከል እንደ ዴልሂ ያሉት ምክር ቤት ተፈቅዶላቸዋል። የምክር ቤቱ አባል በአጭሩ «ኤም.ኤል.ኤ.» ይባላል። ከአንድ የምርጫ ክልል ከሁሉም ተወዳዳሪ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ምክር ቤቱ ቀደም ብሎ ካልተበተነ በስተቀር የሥራ ዘመኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 172 መሠረት አምስት ዓመት ነው።

ምክር ቤቶቹ በስፋታቸው በጣም ይለያያሉ። የኡታር ፕራዴሽ ምክር ቤት 403 አባላት አሉት። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ የግዛቱ ነዋሪ 200 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር፣ ለአንድ ተመራጭ በአማካይ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ይደርሰዋል ማለት ነው። በሂማላያ ተራሮች ሥር የምትገኘው ትንሿ ሲኪም ደግሞ 610 ሺሕ ገደማ ለሚሆን ሕዝብ 32 ተመራጮች አሏት፤ ለአንዱ 19 ሺሕ ያህል ይደርሰዋል። ስለዚህ «ተመራጬን በአካል አይቼው አላውቅም» የሚል ወቀሳ በሲኪም ከባድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግን ቀለል ያለ መሆን አለበት።

አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 የመራጮቹን አመኔታ ያጣ የምክር ቤት አባል በሕግ መሠረት ውክልናውን ሊያጣ እንደሚችል ይደነግጋል። የሕንድ መራጭ ግን ኤም.ኤል.ኤ.ውን በመካከል የሚጠራበት እንዲህ ያለ መብት የለውም። አንድ ጊዜ የሰጠውን ውክልና መልሶ የሚያገኘው ቀጣዩ ምርጫ ሲደርስ ነው። የመመዘኑ ጉዳይ ክብደት ያለውም ስለዚህ ነው።

የማን ሥራ ነው?

መራጩ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ሥራ የማን ነው?» የሚለውን ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት ሰባተኛ ሠንጠረዥ ሥልጣንን በሦስት ዝርዝሮች ይከፋፍላል፤ የማዕከል፣ የግዛትና የጋራ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና የባቡር ሐዲድ የማዕከሉ ናቸው። ፖሊስ፣ የሕዝብ ጤና፣ እርሻና መሬት በግዛቱ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ትምህርት ቀድሞ የግዛት ሥልጣን የነበረ ሲሆን፣ በ1976 በተደረገው 42ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወደ ጋራ ዝርዝር ተዛውሯል። ከእነዚህ በታች ደግሞ በ1992 በጸደቁት 73ኛና 74ኛ ማሻሻያዎች ሕገ መንግሥታዊ ዋስትና ያገኙ የመንደርና የከተማ ምክር ቤቶች አሉ።

አንድ የሕንድ ከተማ ነዋሪ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የተደፈነ ቦይ፣ ያልተነሳ ቆሻሻና ያልበራ የመንገድ መብራት ቢያይ በአብዛኛው የሚጠየቀው የማዘጋጃ ቤቱ ተመራጭ ነው። ሐኪም የሌለው የመንግሥት ጤና ጣቢያና መምህር ያልተመደበለት ትምህርት ቤት ግን የግዛቱ መንግሥት ኃላፊነት ናቸው። ስለእነሱ በምክር ቤት መጠየቅ የነበረበትም ኤም.ኤል.ኤ.ው ነው። የብሔራዊ አውራ ጎዳና ደግሞ የማዕከሉ ሥራ ነው።

ዴልሂ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1991 በ69ኛው ማሻሻያ የገባው አንቀጽ 239ኤኤ ለከተማዋ ምክር ቤት ሲሰጥ የሕዝብ ፀጥታን፣ ፖሊስንና መሬትን ከሥልጣኑ ውጭ አድርጓቸዋል። የዴልሂ ፖሊስ ተጠሪነቱ ለማዕከላዊው መንግሥት ነው። ስለዚህ በአካባቢዬ ስርቆት በዛ ብሎ የዴልሂ ኤም.ኤል.ኤ.ን መቅጣት ጥፋተኛ ያልሆነውን ሰው መቅጣት ይሆናል። በአንጻሩም «ፖሊስ ጣቢያ አስከፈትኩላችሁ» የሚል የዴልሂ ተመራጭ ቢገኝ፣ በየትኛው ሥልጣኑ እንዳደረገው ሊጠየቅ ይገባል።

አንደኛው ሰነድ፤ ቃለ መሐላው

የእኛ ሰው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል። ለሕንድ መራጭ የሚጠቅመው የመጀመሪያ ወረቀት ዕጩው ሲመዘገብ በመሐላ አረጋግጦ የሚያስገባው መግለጫ ነው። ይህ ወረቀት በፖለቲከኞች በጎ ፈቃድ የመጣ አይደለም። በአሕመዳባድ የሥራ አመራር ተቋም መምህራን በ1999 የተመሠረተው የዴሞክራሲ ማሻሻያ ማኅበር ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2002 የዕጩውን ማንነት ማወቅ የመራጩ መብት መሆኑን ወሰነ። የማዕከሉ ምክር ቤት ውሳኔውን የሚያጠብ ሕግ ቢያወጣም፣ ያው ፍርድ ቤት በማርች 2003 የሕጉን አንቀጽ ሻረው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዕጩ ያለበትን የወንጀል ክስ፣ የራሱን፣ የትዳር ጓደኛውንና የጥገኞቹን ሀብትና ዕዳ እንዲሁም የትምህርት ደረጃውን መግለጽ አለበት። በ2018 በተሰጠ ሌላ ውሳኔ ደግሞ የገቢውን ምንጭም እንዲገልጽ ተደርጓል። ሐሰተኛ መግለጫ መስጠት እስከ ስድስት ወር እስራት ያስቀጣል። የምርጫ ኮሚሽኑም መግለጫዎቹን ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል።

አንድ ተመራጭ ዳግመኛ ሲወዳደር ሁለት መግለጫዎች ይኖሩታል። ከአምስት ዓመት በፊት የሰጠውን አሁን ከሰጠው ጎን አስቀምጦ ማየት ብዙ ያስተምራል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሀብት ማደግ ብቻውን የሙስና ማስረጃ አይሆንም፤ ከአባቱ የወረሰው የከተማ መሬት ዋጋው ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባው «አዲስ የተገዛው ንብረት በምን ገቢ ተገዛ?» የሚለው ነው።

በወንጀል ክስ ረገድም እንዲሁ ነው። ክስ ፍርድ አይደለም። በሕንድ ያለ ፈቃድ ሰልፍ በመውጣት የተከሰሰ ፖለቲከኛ ብዙ ነው፤ እሱን በነፍስ ግድያ ወይም በጠለፋ ከተከሰሰው ጋር በአንድ ቁጥር መደመር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ስለዚህ የክሱን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ ዓይነቱን፣ ፍርድ ቤት ክሱን ተቀብሎ መመሥረቱንና ጉዳዩ ለስንት ዓመት እንደተጓተተ ማየት ይሻላል።

ፍርድ ከተሰጠ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ2013 በፊት ጥፋተኛ የተባለ ተመራጭ ይግባኝ እስካለ ድረስ ወንበሩ ላይ እንዲቆይ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2013 በሊሊ ቶማስ መዝገብ ያንን አንቀጽ ሻረው፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት ተመራጭ ወዲያውኑ ወንበሩን ያጣል። የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር የነበሩት ጃያላሊታ በሴፕቴምበር 2014 ከገቢያቸው ጋር የማይመጣጠን ሀብት በማፍራት ወንጀል አራት ዓመት ሲፈረድባቸው የምክር ቤት ወንበራቸውንም ሥልጣናቸውንም በአንድ ቀን አጡ። በሜይ 2015 የካርናታካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነፃ አላቸው፤ በማሟያ ምርጫ ተመልሰው ገቡ። በዲሴምበር 2016 አረፉ። በፌብሩዋሪ 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያውን የጥፋተኝነት ውሳኔ አጸና፤ በእሳቸው ላይ የነበረው ጉዳይ በሞታቸው ምክንያት ቢቋረጥም አብረዋቸው የተከሰሱት እስር ቤት ገቡ። በመካከል ድምፁን የሰጠው መራጭ በዚያን ቀን በእጁ የነበረው ነፃ የሚያደርገው ፍርድ ነበር። መራጭ ሚዛኑን የሚጠቀመው ፍርድ ቤቶች ሁሉ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ጠብቆ አይደለምና ይህ ችግር አብሮት ይኖራል።

ሁለተኛው ሰነድ፤ የምክር ቤቱ መዝገብ

ኤም.ኤል.ኤ. በመሠረቱ ሕግ አውጪ ነው። በጀት ያጸድቃል፣ ሕግ ያወጣል፣ ሚኒስትሮችን ይጠይቃል። ስለዚህ ተገኝቷል ወይ? ጠይቋል ወይ? ምን ብሎ ጠየቀ? በየትኛው ኮሚቴ ውስጥ ሠራ? ማለት ተገቢ ነው። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 190 ንዑስ አንቀጽ 4 ያለ ፈቃድ ለ60 ቀናት ከሁሉም ስብሰባዎች የቀረን አባል ወንበር ምክር ቤቱ ክፍት ነው ሊለው እንደሚችል ይደነግጋል።

ይሁን እንጂ ይህን መዝገብ ሲያነቡ ሦስት ነገሮችን ማሰብ ይገባል። አንደኛ፣ ምክር ቤቶቹ የሚሰበሰቡት ለጥቂት ቀናት ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው በሁለት ጉባዔዎች መካከል ከስድስት ወር በላይ እንዳያልፍ ብቻ ነው። በ2005 የተቋቋመው ፒ.አር.ኤስ. የተባለው የሕግ አወጣጥ ጥናት ተቋም ባወጣቸው ዘገባዎች መሠረት፣ በቅርብ ዓመታት ምክር ቤቶቹ በአማካይ የተሰበሰቡት በዓመት 20 ቀናትን ብዙም ላልዘለለ ጊዜ ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ሙሉ ተገኝነት ትልቅ ሙያ ሊባል አይችልም፤ መቅረት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ ሚኒስትር የሆነ ተመራጭ ተጠያቂ እንጂ ጠያቂ አይደለም፤ አፈ ጉባዔውም አይጠይቅም። እነዚህን ከተራ አባላት ጋር በጥያቄ ብዛት ማወዳደር ስህተት ነው። ሦስተኛ፣ የጥያቄ ብዛት የጥያቄ ጥራት አይደለም። መቶ ጥያቄ አቅርቦ ስለ ምርጫ ክልሉ ጤና ጣቢያ አንድም ያልጠየቀ ተመራጭ ሊኖር ይችላል።

በሙምባይ ፕራጃ የተባለ በ1997 የተቋቋመ ድርጅት ከ2011 ጀምሮ የከተማዋን 36 ኤም.ኤል.ኤ.ዎች በዚህ መንገድ እየመዘነ ሪፖርት ካርድ ያወጣል። ከምክር ቤቱ የሚያገኘውን መዝገብ ነዋሪዎች ከሚሰጡት አስተያየት ጋር ያዳምረዋል። ማንም በደረጃ አሰጣጡ ላይስማማ ይችላል። ቢያንስ ግን ክርክሩ ከወሬ ወጥቶ በመዝገብ ላይ ይሆናል።

ሦስተኛው ሰነድ፤ የልማት ገንዘቡ

ለማዕከሉ ምክር ቤት አባላት በ1993 የተጀመረ የአካባቢ ልማት ገንዘብ አለ። ከ2011 ጀምሮ መጠኑ ለአንድ አባል በዓመት 50 ሚሊዮን ሩፒ ሆኖ ተወስኗል። ግዛቶችም ለኤም.ኤል.ኤ.ዎቻቸው ተመሳሳይ ገንዘብ መድበዋል፤ መጠኑንና ደንቡን እያንዳንዱ ግዛት ራሱ ይወስናል። አሠራሩ ግን ተቀራራቢ ነው። ተመራጩ ገንዘቡን በእጁ አይቀበልም። ሥራውን ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚያስፈጽመው የአስተዳደሩ መሥሪያ ቤት ነው።

ይህ ክፍፍል ለመራጩ ጠቃሚ ነው። ሥራው ቢዘገይ ጥፋቱ የአስተዳደሩ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ጭራሽ ካልቀረበ ግን ጥፋቱ የተመራጩ ብቻ ነው። እንዲሁም የምርጫው ጉዳይ አለ። ውኃና መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንደር ገንዘቡ ለመናፈሻና ለጌጥ በር ከዋለ፣ ያ የተመራጩ ፍላጎት እንጂ የኢንጂነሩ ስህተት አይደለም።

ዝርዝሩን ለማግኘት የሚያገለግለው ሕግ ከኦክቶበር 12 ቀን 2005 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመረጃ መብት ሕግ ነው። ማንኛውም ዜጋ በጥቂት ሩፒ ክፍያ አመልክቶ በ30 ቀናት ውስጥ መልስ የማግኘት መብት አለው። መግቢያው ላይ የጠቀስኩት የዴልሂው ሪፖርት ካርድም ሳታርክ ናግሪክ ሳንጋታን የተባለ የዜጎች ማኅበር በዚህ ሕግ ተጠቅሞ ባሰባሰበው መረጃ የተሠራ ነው። ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ ምርጫው ሳምንት ሲቀረው የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ስለ ጊዜ ካነሳን ስለ መሠረት ድንጋይም እንናገር። የምርጫ ኮሚሽኑ የምርጫውን መርሐ ግብር ካስታወቀበት ሰዓት ጀምሮ፣ መነሻው በ1960 በኬራላ የሆነው የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ ተፈጻሚ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሚኒስትሮች አዲስ ፕሮጀክት ማስታወቅም ሆነ የመሠረት ድንጋይ ማኖር አይችሉም። የዚህም ውጤት የሚገመት ነው፤ ሪባን የሚቆረጠውና ድንጋይ የሚቀመጠው ከማስታወቂያው በፊት ባሉት ሳምንታት ይሆናል። አስተዋይ መራጭ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ስም ትቶ ቀኑን ያነባል። ከዚያም ከአምስት ዓመት በፊት የተቀመጠው ድንጋይ ላይ ምን እንደተሠራ ሄዶ ያያል።

ሰውየው ወይስ ፓርቲው?

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ሊያፈርስ የሚችል አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። «ግለሰቡ ምን ቢሠራ ድምፁን የሚሰጠው ፓርቲው እንዳዘዘው ነው፤ ታዲያ ፓርቲውን ልመዝን እንጂ እሱን ምን አደርገዋለሁ?» የሚል ነው። መከራከሪያው ሕጋዊ መሠረት አለው።

በ1967 የሃሪያና ምክር ቤት አባል የነበሩት ጋያ ላል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፓርቲ ቀይረው፣ «አያ ራም ጋያ ራም»፣ ማለትም ራም መጣ ራም ሄደ፣ የሚለው አነጋገር በሕንድ ፖለቲካ ቀረ። ይህን ዓይነቱን መገለባበጥ ለማስቆም በ1985 በ52ኛው ማሻሻያ አሥረኛው ሠንጠረዥ ወጣ። ፓርቲውን በፈቃዱ የተወ ወይም የፓርቲውን መመሪያ ጥሶ ድምፅ የሰጠ አባል ወንበሩን ያጣል። ፈረስ እንዳይለዋወጥ የተባለው ሕግ ግን አብሮ የተመራጩን አንደበት አሰረ። በዚህ ምክንያት በሕንድ «ለዚህ ሕግ ድምፅ ሰጥቷል ወይስ ተቃውሟል?» የሚለው ጥያቄ ስለ ግለሰቡ ብዙም አይነግረንም።

ለዚህም ነው የኮሚቴ ሥራ፣ ጥያቄና የልማት ገንዘብ ልዩ ዋጋ የሚኖራቸው፤ ፓርቲው ሙሉ በሙሉ የማያዝባቸው እነዚህ ናቸው። የግዛቱን ዋና ሚኒስትር ማንነት ለመወሰን ብሎ ለፓርቲ መምረጥም ስህተት አይደለም። የፓርላሜንታዊ ሥርዓት ጠባዩ ነው። ነገር ግን ሰነፍ ዕጩ ያቀረበን ፓርቲ መራጩ ዝም ብሎ ባሳለፈው ቁጥር ፓርቲው በሚቀጥለውም ያንኑ ያቀርባል። መራጩ በምርጫ ክልሉ ያለው ትንሽ መሣሪያ የዕጩውን ጥራት መጠየቅ ነው።

ፓርቲ ለዋጩን እንዴት መመዘን ይቻላል? በ2019 በካርናታካ 17 አባላት ከወንበራቸው ሲለቁ የጥምር መንግሥቱ ወደቀ። አፈ ጉባዔው ከአባልነት አስወገዷቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2019 መወገዳቸውን አጽንቶ፣ በማሟያው ምርጫ መወዳደር ግን ይችላሉ አለ። በዲሴምበር በ15 የምርጫ ክልሎች ድምፅ ሲሰጥ፣ አብዛኞቹ የተቀላቀሉት ቢጄፒ 12ቱን አሸነፈ። ሕጉ የቀጣውን መራጩ መለሰው ማለት ነው። እኔ በግሌ ባልስማማበትም የመወሰን ሥልጣኑ የመራጩ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን የትም ቦታ አንድ ነው፤ ሰውየው ፓርቲ ሲለውጥ እኔ ምን አተረፍኩ፣ እሱስ ምን አተረፈ?

ደብዳቤ የሚጽፍ ተመራጭ

ከሰነድ ውጭ የሆነ አንድ ትልቅ ጉዳይ ይቀራል። ብዙ ሕንዳውያን ተመራጫቸውን የሚያውቁት በምክር ቤት ንግግሩ አይደለም። ጠዋት በሩ ላይ ተሰልፈው ለሆስፒታል አልጋ፣ ለራሽን ካርድ ወይም ለትምህርት ቤት ምዝገባ ደብዳቤ ሲጽፍላቸው ነው። ልጇ ሲታመምባት አልጋ ያስገኘላትን ሰው አንዲት እናት በኮሚቴ ስብሰባ ስላልተገኘ ትቅጣው ማለት እኛ ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንናገረው ቀላል ነገር ነው። ውለታ ውለታ ነው።

ሆኖም ግን አንድ ጥያቄ ልጨምር። የራሽን ካርድ ለሚገባው ሰው በሕግ የሚሰጥ ከሆነ የተመራጭ ደብዳቤ ለምን አስፈለገ? ደብዳቤው ያስፈለገው መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ስለማይሠራ ነው። መሥሪያ ቤቱን በምክር ቤት ተነስቶ መጠየቅ ያለበት ደግሞ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ራሱ ነው። ደብዳቤም ጽፎ፣ ሚኒስትሩንም ጠይቆ ከሆነ ሁለት ጊዜ ሊመሰገን ይገባዋል። ደብዳቤውን ብቻ እየጻፈ አምስት ዓመት ዝም ካለ ግን ሰልፉ እንዳያጥር ይፈልጋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ደብዳቤውን ላላገኙት፣ ከበሩ ለተመለሱት ማን አለላቸው?

መረጃው ለውጥ ያመጣል?

አሁን ወደ ዴልሂ ልመለስ። ጋዜጣው የታደለው እንዲሁ በዘፈቀደ አልነበረም። በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት አቢጂት ባነርጂ፣ ሮሂኒ ፓንዴና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን ለማጥናት መንደሮቹን በዕጣ መርጠው ነበር። ካርዱ የደረሳቸው መንደሮች ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለምርጫ የወጣው ሰው ብዛት ከፍ አለ፤ ድምፅ በገንዘብ መግዛት ቀነሰ፤ የተሻለ የሠሩ ነባር ተመራጮችና ደካማ ተፎካካሪ የገጠማቸው ተመራጮች የበለጠ ድምፅ አገኙ። ድሃ መራጭ መዝገብ አያገላብጥም፣ በጎሣውና በሃይማኖቱ ብቻ ይመርጣል ለሚሉ ሁሉ ይህ በቂ መልስ ነው። መዝገቡ በሚገባው ቋንቋና በጊዜው ከደረሰው ይጠቀምበታል።

ይህ ማለት ግን መረጃ ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። የወንጀል ክስ ያለባቸው ዕጩዎች ክሳቸው በአደባባይ እየታወቀም ያሸንፋሉ። ሚላን ቫይሽናቭ በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደተከራከሩት፣ መንግሥት በደከመበት አካባቢ መራጩ ጉልበተኛውን የሚመርጠው ክሱን ባለማወቁ ሳይሆን፣ የእኔን ወገን ይጠብቅልኛል ብሎ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2020 ፓርቲዎች የተከሰሰ ዕጩ ለምን እንዳቀረቡ ምክንያታቸውን በይፋ እንዲያወጡ፣ «ያሸንፋል» ማለት ብቻውንም ምክንያት እንደማይሆን አዘዘ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የቢሃር ምርጫ ትዕዛዙን ያልፈጸሙ ፓርቲዎችን በ2021 በገንዘብ ቀጣ። ቅጣቱ ግን ለትልልቅ ፓርቲዎች የኪስ ገንዘብ ያህል ነበር።

በሚዛኑ ሁሉም ዕጩ ቢወድቅስ? ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በድምፅ መስጫው ማሽን ላይ «ከተዘረዘሩት ማንንም አልመርጥም» የሚል ቁልፍ አለ። ይህም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ውጤት ነው። ቁልፉ ተቃውሞን ይመዘግባል እንጂ ምርጫውን አያፈርስም፤ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ቢያገኝ እንኳ ከዕጩዎቹ መካከል ቀዳሚ የሆነው ያሸንፋል። ስለዚህ እኔ የሕንድ መራጭ ብሆን ወደዚያ ቁልፍ የምሄደው የቀረውን ሁሉ ከሞከርኩ በኋላ ብቻ ነው።

ነገሩን ላጠቃልል። ድምፅ የሚሰጠው ሰው ወደ ጣቢያው ከመሄዱ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። ያማረረኝ ወይም ያስደሰተኝ ሥራ በእርግጥ የዚህ ሰው ነበር? ሀብቱና ክሱ ካለፈው መግለጫ ወዲህ እንዴት ተለወጠ? ምክር ቤት በተቀመጠባቸው ጥቂት ቀናት ተገኝቶ ስለ እኛ ጠየቀ? ገንዘቡ ለሚያስፈልገን ነገር ዋለ? ለእኔ የሠራልኝን ለማያውቀው ጎረቤቴም ይሠራለት ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ ወረቀቶች እንዲኖሩ ሕንዳውያን ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። ከምርጫው በፊት ባለው የመጨረሻ 48 ሰዓት ሕጉ የቅስቀሳውን ድምፅ ማጉያ ያስዘጋል። ወረቀቱን ለማንበብ ከዚያ የተሻለ ፀጥታ አይገኝም።

ቸር እንሰንብት።